ከባቄላ ስር ኢንዛይም አውጥቶ በበርሜል ማዳበሪያ መስራት ይቻላል ወይ?

ጠያቂው የእነዋሪ (ሰሜን ሸዋ) ልጅ ነው፣ ኬሚስትሪ ሶስተኛ አመት። ጥያቄው ረዘም ስላለ አሳጥሬዋለሁ፦

«ናይትሮጂኔዝ የሚባል ብረትና ሞሊብደነም ያለበት ኢንዛይም የአየሩን ናይትሮጅን በተራ ሙቀትና በተራ ግፊት አሞኒያ ያደርገዋል ተብለን ተምረናል። ፋብሪካው ግን 400 ዲግሪ ምናምን ይፈልጋል። ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፈጥን ነገር፣ ኢንዛይምም አንዱ ነው) ደሞ አያልቅም። እኛ ቤት ባቄላና ምስር ይዘራል፣ ስሩ ላይ ያለው እባጭ በኢንዛይሙ የተሞላ ነው። ታዲያ ለምን አውጥተን በበርሜል አሞኒያ አንሰራም? የማዳበሪያ ዋጋ እንደሆነ አይቀመስም። ይሄ ካልሆነስ ኦንላይን የሚሸጥ የሞሊብደነም ዱቄት አለ፣ ገዝተን ማሳው ላይ ብንበትነው ኢንዛይሙ አይጨምርም? አባቴ ለመመረቂያህ እኛንም የሚጠቅም ነገር ስራ ብለውኛል።»

በበርሜል አይሆንም። ምክንያቱ የኛ ድህነት አደለም፣ ገንዘብ የተረፋቸው ላቦራቶሪዎችም ያልሆነላቸው ነገር ነው። ዱቄቱንም አትግዛ፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ፣ እሱ እንደውም ከበርሜሉ የባሰ ጣጣ አለው። እኔ የምሰራው እንደዚህ ብረታ ብረት የያዙ ኢንዛይሞች ላይ ስለሆነ ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል፣ እና ሁሌም ስህተቱ የሚጀምረው «ካታሊስት አያልቅም» ከምትለዋ አረፍተ ነገር ነው።

ካታሊስት አያልቅም ማለት በሪአክሽኑ ሂሳብ ውስጥ ተበልቶ አይቆጠርም ማለት ነው እንጂ አያረጅም አይበላሽም ማለት አደለም፣ ኢነርጂ ከየትም ያመጣል ማለትማ ጭራሽ አደለም። የወፍጮ ድንጋይ ዱቄት አይሆንም አደል፣ ግን ይለሰልሳል፣ መወቀር አለበት፣ ናፍጣ ወይ መብራት ከሌለ ደሞ ቁጭ ያለ ድንጋይ ነው። ኢንዛይምም እንደዛው።

ሌላው የተሳሳተው ነገር ፋብሪካው ለምን እንደሚሞቅ ነው። ብዙ ሰው ሪአክሽኑ ኢነርጂ ስለሚፈልግ ይመስለዋል። አይደለም። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በክፍል ሙቀት አሞኒያ ሲሆኑ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ በአንድ ሞል (ኬሚስቶች ሞለኪውል የሚቆጥሩበት መለኪያ) ናይትሮጅን 33 ኪሎጁል አካባቢ ነፃ ኢነርጂ ይለቀቃል። ያስቸገረው ሁለቱን የናይትሮጅን አተሞች ያጣበቀው ባለ ሶስት ቦንድ ነው፣ እሱን ለመበጠስ በሞል 945 ኪሎጁል ይጠይቃል፣ ስለዚህ መንገዱ ቁልቁለት ቢሆንም መነሻው ላይ ገደል የሚያክል ጋራ ቆሟል፣ ሪአክሽኑ «ይቻላል» ግን አይንቀሳቀስም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሀበር ይሄን ጋራ አልፎ አሞኒያ መስራት እንደሚቻል በፈረንጆች 1909 ላብ ውስጥ አሳየ፣ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሳደገውና 1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ስራ ጀመረ። ካታሊስቱ እስካሁንም በአብዛኛው ብረት ነው፣ ፖታሲየምና አሉሚና ጨመር ተደርጎበት። ሙቀቱ ለፍጥነት ነው፣ ግን ሪአክሽኑ ሙቀት የሚያወጣ ስለሆነ ባሞቅከው ቁጥር ሚዛኑ ወደኋላ ይመለሳል፣ ያንን ለማካካስ ነው ከመቶ አትሞስፌር በላይ ግፊት የሚያስፈልገው። ለዋጋው ዋናው ምክንያት ደሞ ሃይድሮጅኑ ነው፣ በብዛት ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያ አብሮ የሚወደደው ለዛ ነው።

አሁን ወደ ኢንዛይሙ። ናይትሮጂኔዝ ተራ ሙቀት ላይ ይሰራል ማለት በነፃ ይሰራል ማለት አደለም። አንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ሁለት አሞኒያ ለማድረግ ስምንት ኤሌክትሮን፣ ስምንት ፕሮቶንና ቢያንስ 16 ኤቲፒ (ህያው ነገር ሁሉ እንደ ነዳጅ የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ይበላል፣ ከስምንቱ ኤሌክትሮን ሁለቱ ደሞ ሃይድሮጅን ጋዝ ሆነው ይባክናሉ። ይሄ 16 የሚለው ቁጥር መፅሀፍ ላይ ትንሽ ይመስላል፣ እስቲ በከረጢት እናስላው። 50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ፐርሰንቱ ናይትሮጅን ነው፣ 23 ኪሎ። በ28 ስታካፍለው 820 ሞል አካባቢ የናይትሮጅን ጋዝ ይሆናል። በ16 ስታባዛው ከ13 ሺህ ሞል በላይ ኤቲፒ፣ አንዱ ሞል 507 ግራም ነው፣ ጠቅላላው 6.6 ቶን። ለአንድ ከረጢት ዩሪያ 6.6 ቶን ኤቲፒ! እባጩ ውስጥ የሚኖረውና ኢንዛይሙን የሚሰራው ባክቴሪያ ይሄን የሚችለው ያቺኑ ትንሽ ኤቲፒ በየሰከንዱ እየሞላ እየደጋገመ ስለሚጠቀምባት ነው፣ የሚሞላው ደሞ ባቄላው በቅጠሉ ከፀሀይ ሰርቶ በሚልክለት ስኳር ነው። አንተ በበርሜልህ ውስጥ ይሄን ማን ይሞላልሃል? ፍጥነቱም አያወላዳም፣ አንዲት ናይትሮጅን ለመጨረስ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ደማችን ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባለው የዚንክ ኢንዛይም በዛችው ሰከንድ እስከ ሚሊዮን ሞለኪውል ያስተናግዳል። በናይትሮጂኔዝ ፍጥነት በቀን አንድ ከረጢት ለማውጣት አንድ ኪሎ ገደማ የተጣራ ፕሮቲን ያስፈልግሃል፣ ያውም ኤሌክትሮን የሚያቀብለውን ሌላኛውን ፕሮቲን ሳንቆጥር፣ ላብ ውስጥ የምንነጋገረው ግን በሚሊግራም ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ኦክስጅን ነው። ኢንዛይሙ ሁለት ፕሮቲን ነው አልኩህ፣ አንዱ አራት ብረትና አራት ሰልፈር ያለባት ትንሽ ክላስተር (የተያያዙ አተሞች ስብስብ) ይዞ ኤሌክትሮን ያቀብላል፣ ሁለተኛው ሞሊብደነሙን የያዘው ናይትሮጅኑን ይቀይራል። የመጀመሪያው አየር ሲነካው ግማሹ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞታል። ሁለተኛው ትንሽ ይሻላል፣ ደቂቃዎች ይቆያል፣ በቃ። ስለዚህ እባጩን በሙቀጫ ወቅጠህ በሻሽ ብታጠልለው የምታገኘው ጭማቂ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ገና ሳታጠልለው አብቅቶለታል። እኛ የምንሰራው ኦክስጅን በሌለበት የታሸገ ሳጥን ውስጥ እጃችንን በጓንት አስገብተን ነው፣ እሱም ሆኖ ይበላሽብናል።

«እሺ ኢንዛይሙ ይቅር፣ ብረቷንና ሞሊብደነሟን ብቻ ብንሰራትስ?» ትለኛለህ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው እድሜውን የጨረሰበት ነው። ስራው የሚሰራባት ክላስተር ሰባት ብረት፣ አንድ ሞሊብደነም፣ ዘጠኝ ሰልፈር፣ መሀሏ ላይ አንድ ካርቦን፣ ጎኗ ላይ ሆሞሲትሬት የሚባል አሲድ አላት። ቅርጿ መጀመሪያ የታየው 1992 ነው፣ መሀሏ ያለው አተም ካርቦን መሆኑ የተረጋገጠው ግን 2011 ነው፣ አስበው፣ አንድ አተም ለመለየት ያን ያህል አመት። ህያው ነገር ውስጥ እሷን ለመገጣጠም ብቻ የተመደቡ ብዙ ጂኖች አሉ። ብረትና ሞሊብደነም ከሰልፈር ጋር ቀላቅሎ ማሞቅ ይቺን አይሰጥህም። ሰው ሰራሹ መንገድ ደሞ እንዲህ ነው፦ አሜሪካዊው ኬሚስት ሪቻርድ ሽሮክ 2003 ላይ ከላቡ ተመራማሪ ከያንዱሎቭ ጋር አንዲት የሞሊብደነም ሞለኪውል ናይትሮጅንን በክፍል ሙቀት አሞኒያ እንድታደርግ አደረጉ፣ ትልቅ ዜና ነበር፣ ግን አንዷ ካታሊስት አራት ዙር ያህል ሰርታ ነው የቆመችው። 2019 ላይ የጃፓኑ ኒሺባያሺ ቡድን ከ4 ሺህ በላይ አሞኒያ በአንድ ካታሊስት አገኘ፣ ኤሌክትሮን ሰጪው ግን ሳማሪየም አዮዳይድ ነው። እሱን በኪሎ ገዝቶ ማዳበሪያ መስራት ወርቅ አቅልጦ ማረሻ ከመስራት አይለይም። እነዚህ ስራዎች ሪአክሽኑ እንዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ነው የተሰሩት፣ ማንም ከረጢት ለመሙላት አላሰበም።

አሁን ወደ ማሳው እንምጣ፣ ምክንያቱም አባትህ የጠየቁህ እሱን ነው። ኢንዛይሙ ቤቱ ውስጥ እያለ በደንብ ይሰራል፣ ያንተ ስራ ቤቱን መጠበቅ ነው። በአበባ ጊዜ አንድ የባቄላ እግር በአካፋ ከነአፈሩ አውጣ (አትንቀለው፣ እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል)፣ ቀስ ብለህ እጠበውና እባጩን በምላጭ ሰንጥቀህ እየው። ውስጡ ደም የመሰለ ሮዝ ከሆነ እየሰራ ነው። ሮዙ ሌግሄሞግሎቢን ነው፣ እንደኛ ደም ብረት ያለበት፣ ስራው ኦክስጅኑን ይዞ ለባክቴሪያው እየቆጠበ መስጠት ነው፣ ባክቴሪያው ኤቲፒ ለመስራት ኦክስጅን ይፈልጋል ኢንዛይሙ ደሞ በኦክስጅን ይሞታል፣ ሁለቱን የሚያስታርቀው እሱ ነው። ነጭ ከሆነ እባጩ አለ ስራ ግን የለም። አረንጓዴ ወይ ቡናማ ከሆነ አርጅቷል፣ ፍሬ ሊበስል ሲል ከሆነ ይሄ ያለ ነው፣ በአበባ ጊዜ ከሆነ ግን የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

እነዋሪ ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። የጂሩ ሜዳ መረሬ (ጥቁሩ የሸክላ አፈር) ሀምሌና ነሐሴ ውሃ ያቁራል፣ አፈሩ ውስጥ አየር ያልቃል፣ እባጩ ይታፈናል። እዚህ ጋ ተማሪዎች ይጋጭባቸዋል፣ «ኦክስጅን ኢንዛይሙን ከገደለው ውሃ ሲተኛበት መሻል አልነበረበትም?» ይላሉ። አይሻለውም፣ ምክንያቱም ኦክስጅን ከሌለ እነዛ 16 ኤቲፒዎች አይሰሩም፣ ኢንዛይሙ ሳይሞት በረሃብ ይቆማል። በዛ ላይ የስር መበስበሱ ይመጣል። የእነዋሪ ገበሬ ድሮም መደብና ቦዩን በእጁ እያወጣ ውሃውን ሲያስወጣ የኖረ ነው፣ በኋላ የመጣው አይባር ቢቢኤም የሚባለው መደብ ማውጫ መሳሪያ ያንኑ ስራ በበሬ አቀለለው። ኬሚስት ነኝና ስለ ኢንዛይም ብቻ እንዳወራ ብትጠብቅም እናንተ አገር ለናይትሮጂኔዝ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ነገር ቦይ ነው።

ቀጥሎ ፎስፈረስ። ኤቲፒ ውስጥ ያለው «ፒ» እኮ እሱ ነው፣ ፎስፈረስ ያነሰው ባቄላ እባጩ ትንሽና ደካማ ይሆናል፣ ስለዚህ ማዳበሪያ ለባቄላ ስትቆጥቡ ዩሪያውን ቀንሱ እንጂ ፎስፌት ያለበትን አትንሱት። ዩሪያ በብዛት ካገኘ ደሞ ባቄላው ባክቴሪያውን መመገብ ያቆማል፣ ለምን ስኳሩን ያባክናል፣ ናይትሮጅኑ በእጁ መጥቶለት። ህያው ማዳበሪያ የሚባለውን (ባክቴሪያውን በዱቄት መልክ) በተመለከተ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ ወገን ባክቴሪያ ይጠቀማሉ፣ የሽምብራው ግን ሌላ ነው፣ የባቄላውን ለሽምብራ ብትቀቡት ገንዘብ መጣል ነው። ፀሀይ ላይ የዋለ፣ ሱቅ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ከሆነም የምትቀቡት የሞተ ነገር ነው። ለብዙ አመት ባቄላ ሲዘራበት በኖረ ማሳ ላይ ደሞ ባክቴሪያው አፈሩ ውስጥ ስላለ ጥቅሙ ላይታይ ይችላል፣ ቅድም ያልኩህን ሮዙን አይተህ ወስን።

ገደቡንም ልንገርህ፣ አለዚያ አባትህ ይታዘቡኛል። ጥሩ የያዘ ባቄላ በሄክታር 100 ኪሎ ናይትሮጅን ወይ ከዚያ በላይ ከአየር ሊወስድ ይችላል፣ ግን ያ ሁሉ አፈር ውስጥ አይቀርም። የባቄላ ፍሬ 4 ፐርሰንት ገደማ ናይትሮጅን ነው፣ በሄክታር 20 ኩንታል ከተወቃ 80 ኪሎ ናይትሮጅን ወደ ጎተራ ገባ ማለት ነው። ገለባውም ለከብት ከሄደ ለስንዴው የሚተርፈው ስሩና የረገፈው ቅጠል ነው። ስለዚህ «ባቄላ ከዘራሁ ለስንዴው ዩሪያ አያስፈልገኝም» ማለት አይቻልም፣ መቀነስ ግን ይቻላል፣ ከስንዴ ላይ ስንዴ ከመድገምም በብዙ ይሻላል። ቆርምድ የሚሉት በሽታ ስላለም ባቄላውን በየአመቱ እዛው ማሳ ላይ አትመልሱት።

ወደ ሞሊብደነሙ ዱቄት። ተክል የሚፈልገው ሞሊብደነም በሄክታር በግራም የሚቆጠር ነው። አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ አለ፣ የሚጠፋው አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ነው፣ አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ኖራ ሲጨመር መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ ማሳው አሲዳማ ከሆነ መልሱ ኖራ ነው፣ እሱም በምርመራ ተለክቶ። መረሬ ደሞ ባብዛኛው ወደ ገለልተኛው ይጠጋልና ሞሊብደነም ያንሰዋል ብለህ የምትጠረጥርበት ምክንያት የለህም። ዱቄቱን መበተን ጥቅም ማጣት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፣ ግን በግ አላችሁ። ሳርና ገለባ ላይ ሞሊብደነም ሲበዛ በበጉ ጨጓራ ውስጥ ከሰልፈር ጋር ይዋሃድና መዳቡን ጠፍሮ ይይዘዋል፣ በጉ መዳብ እየበላ መዳብ ያጣል። መዳብ የሚፈልጉ ኢንዛይሞች አንድ በአንድ ይቆማሉ፦ ጥቁሩን ቀለም የሚሰራው ሲቆም ጥቁር በግ እየነጣ ይመጣል፣ ፀጉሩ መጠምዘዙን ያጣል፣ ከእናቱ ሆድ ሳለ መዳብ ያነሰው ግልገል ደሞ ኋላ እግሩ ይዝልበታል። የመንዝ በግ ፀጉር ለባናና ለዝተት የሚፈለግበት አገር ላይ ይሄ ቀልድ አደለም። እና ደሞ እባክህ ይሄን አንብበህ ለበጎቹ መዳብ እንዳትሰጥ፣ በግ ከከብት ሁሉ ለመዳብ መርዝ ደካማ ነው፣ የእንስሳት ሀኪም ሳያይ አይነካም።

የመመረቂያ ፕሮጀክትህን በተመለከተ ናይትሮጂኔዝን ተወው፣ ዩሪየዝን ስራ። ዩሪየዝ ሁለት ኒኬል አተም ያለበት ኢንዛይም ነው፣ አየር አይፈራም፣ ኤቲፒ አይፈልግም፣ እናንተ ማሳ አፈር ውስጥም ሞልቷል። ታሪኩም ደስ ይላል፣ ጀምስ ሰምነር የሚባል አሜሪካዊ፣ ግራኝ ሆኖ ግራ እጁን በልጅነቱ አደን ላይ ያጣ ሰው፣ 1926 ላይ ከባቄላ ዘመድ ፍሬ አውጥቶ ክሪስታል አደረገውና ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን አሳየ፣ ሰዉ ግን ቶሎ አላመነውም፣ ኖቤሉን ያገኘው 1946 ነው። ኒኬሉ የተገኘው ደሞ 1975፣ ያን ሁሉ ዘመን ኒኬል መያዙን ያወቀ የለም።

ለናንተ ለምን ይጠቅማል? ዩሪያ ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ለመፍረስ አመታት ይፈጅበታል፣ አፈር ላይ ሲወድቅ ግን ዩሪየዝ በቀናት ውስጥ አሞኒያ ያደርገዋል። ላዩ ላይ ተበትኖ ከሆነ አሞኒያው ወደ አየር ይሄዳል፣ በተለይ አፈሩ ረጠብ ብሎ ዝናቡ ሲቆምና ፀሀይ ሲወጣ። ገዝታችሁ በጀርባችሁ ተሸክማችሁ ያመጣችሁት ናይትሮጅን ነው የሚተነው። ስለዚህ ካለችህ ሶስት አራት ምክር አንዷን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይቺን እልሃለሁ፦ ዩሪያ አፈር ሳይለብስ አይደር። ከፋፍላችሁ ስጡት፣ በመስመር ከሆነ ሸፍኑት፣ መሸፈን ካልተቻለ ደህና ዝናብ ሊመጣ ሲል እንጂ ካባራ በኋላ አትበትኑ፣ ውሃ የተኛበት ማሳ ላይ ደሞ ጭራሽ አትስጡ፣ እዛ ሌሎች ባክቴሪያዎች በመዳብና በሞሊብደነም ኢንዛይሞቻቸው ከዩሪያው የሚመጣውን ናይትሬት ወደ ጋዝ ይመልሱታል።

ሙከራው ቀላል ነው። ከማሳችሁ አፈር አምጣ፣ ክዳን ባላቸው ማሰሮዎች እኩል እኩል አድርግ፣ አንዱ ላይ ዩሪያውን ከላይ በትን፣ ሁለተኛው ላይ ከአፈሩ ጋር ቀላቅል፣ ሶስተኛው ላይ 5 ሳንቲሜትር ቅበር፣ አራተኛው ያለ ዩሪያ ይሁን፣ እያንዳንዱን ቢያንስ በሶስት ድግግሞሽ። በየማሰሮው ውስጥ ቦሪክ አሲድ ከኢንዲኬተር (ቀለም እየቀየረ የሚያሳይ) ጋር ያለባት ትንሽ ስኒ አስቀምጥና ክደነው፣ የሚወጣውን አሞኒያ እሷ ትይዛለች፣ በየቀኑ ቀይረህ በታወቀ አሲድ ቲትሬት አድርገህ የተያዘውን አሞኒያ ለካ። ከመረሬውም ከቀዩም አፈር ብትወስድ የበለጠ ይናገራል። ብርዱንም አትርሳ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍል ውስጥ የምትሰራ ከሆነ ሌሊቱ ኢንዛይሙን ስለሚያዘገየው ሁሉም ማሰሮ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ሙቀቱንም መዝግብ። ስትከፍት ፊትህን አታስጠጋ። ቦሪክ አሲዱ ደሞ አፈሩ ላይ እንዳይደፋ፣ እሱ ራሱ በሁለቱ ኒኬሎች መሀል ገብቶ ዩሪየዝን ያቆመዋል፣ ከተደፋ ያንን ማሰሮ ጥለህ ሌላ ጀምር።